ብርሃኑ ነጋን በምን እንመዝናቸው?

ጥያቄው የተቃዋሚው ፓርቲ የኢዜማው (የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ) ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ተቀባይነት አላቸው ወይ፣ የያዙት መንገድስ ልክ ነው ወይ የሚል ነው። ተከራካሪዎቹ የደሴ ጡረተኛ መምህርና ኮምቦልቻ ሱቅ ያላት ወጣት ናቸው።

መምህሩ፦ ሰውየው በ1997 ለአዲስ አበባ ከንቲባነት ተመርጠው ከወንበሩ ሳይደርሱ ታሰሩ። ከዚያ ግንቦት 7 የተባለውን የተቃዋሚ ንቅናቄ መሠረቱ፤ ትጥቅ ትግልም ሞከሩ። በ2011 ኢዜማ ሲመሠረት መሪ የሆኑት ያንን ሁሉ አይተው ነው። በ2014 የትምህርት ሚኒስትርነቱን መቀበላቸው ለእኔ ብስለት ነው። አገር እየነደደች ዳር ቆሞ መተቸት ምን ይጠቅማል?

ነጋዴዋ፦ ጋሼ፣ የ1997ቱን ፍቅር ማንም አይክድም። በ2013 ምርጫ ግን ኢዜማ ፓርላማ ያስገባው 4 ሰው ነው፤ ብልፅግና 410። ያቺ ትንሽ ድምፅ የተሰጠችው መንግሥትን እንዲጠይቁልን ነበር። እሳቸው ካቢኔ ገቡ።

መምህሩ፦ በወንበር ብቻ አትፍረጂ ልጄ። በእኛ ምርጫ በአንድ ድምፅ የበለጠም ወንበሩን ይወስዳል፣ የሌላው ድምፅ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ነጋዴዋ፦ እሺ፣ ወንበሩ ይቅር። የገዛ ፓርቲያቸውስ? በ2014 የፓርቲው ምክትል መሪ አንዱዓለም አራጌ ለመሪነት ቢፎካከራቸውም እሳቸው አሸነፉ። በኋላ ግን ነባር አባላት ጥለው ወጡ። አቅጣጫው ልክ ቢሆን አብረዋቸው የታገሉት ይቆዩ ነበር።

መምህሩ፦ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን ተመልከቺ። ኩረጃ ይብቃ ብለው ተማሪውን ዩኒቨርሲቲ አስገብተው አስፈተኑ። ከ2014 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ጭብጨባ የሚፈልግ ፖለቲከኛ እንዲህ ያለ ውጤት ይዞ አደባባይ አይወጣም። ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ይሄን ድፍረት አከብራለሁ።

ነጋዴዋ፦ ኩረጃው መቆሙን እኔም እደግፋለሁ። ግን ጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ ታናሽ ወንድሜ 12ኛ ክፍል ነበር። አንድ ፌስታል ልብስ ይዞ ደብረ ብርሃን ገባ። ሲመለስ ክፍሉ መስኮት አልነበረውም፣ መጽሐፉም የለ። እሱም ሰላም ውሎ ከተማረው እኩል ተመዘነ። ፕሮፌሰሩ ተቃዋሚ ሆነው ቢቆዩ ይህን በደል ጮኸው ይናገሩልን ነበር። አሁን በደላችንን የምንነግረው ለማን ነው? ለእሳቸው! ተቃዋሚ ያጣሁት እዚህ ላይ ነው።

መምህሩ፦ የወንድምሽ ነገር ያመኛል። የእኔም ተማሪዎች ነበሩ። ግን ሚኒስትር ሆነው የሠሩት ስህተት የሰላማዊውን መንገድ ስህተት አያደርገውም።

ነጋዴዋ፦ መንገዱን አልጠላሁም፣ ጋሼ። ኢዜማ ለቅስቀሳ ኮምቦልቻ ሲመጣ ግን የምጠይቀው አለኝ። የትምህርት ፖሊሲውን ይተቻል ወይስ ያወድሳል? ቁርጡን ካልነገሩኝ ድምፄን አልሰጥም።