የገዛነው ስልክ የጎግልን ፈቃድ ሊጠይቅ አይገባም

ማንነቱን ለጎግል ያላስመዘገበ ሰው የሠራው መተግበሪያ በአንድሮይድ ስልኮች ላይ እንዳይጫን የሚከለክለው ውሳኔ ከተነገረ ወዲህ፣ ለውሳኔው ጥብቅና የቆሙ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ማመሳሰያ አለ። ማመሳሰያው የመጣው ከራሱ ከኩባንያው ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 ውሳኔውን ባሳወቀበት ጽሑፍ አሠራሩን በአውሮፕላን ማረፊያ ከሚደረግ የመታወቂያ ቁጥጥር ጋር አነጻጽሮታል፤ የመንገደኛው ማንነት ይረጋገጣል፣ የሻንጣው ፍተሻ ግን ለብቻው የሚታይ ጉዳይ ነው ይላል። በዚህ አነጋገር ልቡ የተረጋጋ ሰው ካለ እንደገና እንዲያነበው እጠይቀዋለሁ። ኩባንያው ሻንጣውን እንደማይከፍት በገዛ አንደበቱ እየነገረን ነውና።

አንድ መተግበሪያ ስልካችንን የሚጎዳው በውስጡ በተጻፈው ትእዛዝ ነው። የሠሪው ሕጋዊ ስም፣ አድራሻና ስልክ ቁጥር በአንድ ኩባንያ መዝገብ ላይ መስፈሩ ከዚያ ትእዛዝ አንዲት መስመር እንኳ አይለውጥም። ማመሳሰያው በሌላ በኩልም አይቆምም። አውሮፕላን የብዙ ሰዎች የጋራ መጓጓዣ ስለሆነ አንዱ መንገደኛ በሌላው ሕይወት ላይ አደጋ እንዳይጥል የሚቆጣጠር አካል ያስፈልገዋል። ስልኬ ግን የእኔ ነው፤ ዋጋውን ከፍዬበታለሁ፣ በውስጡ ያለው የእኔ ደብዳቤ፣ የእኔ ፎቶግራፍና የእኔ ምስጢር ነው። በገዛ ንብረቴ ላይ ማንን እንደማስገባ የሚወስን የበር ጠባቂ እንዲሾምልኝ ማንንም አልጠየቅሁም።

ስሙ የታወቀና ፊርማው የተረጋገጠ ሶፍትዌር ያደረሰውን ጥፋት ለማስታወስ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2020 መጨረሻ የተጋለጠው፣ በሶፍትዌር ኩባንያው ሶላርዊንድስ በኩል የተፈጸመው ጥቃት የተሰራጨው በኩባንያው ትክክለኛ ዲጂታል ፊርማ (ሶፍትዌሩ ከማን እንደወጣ በሚያረጋግጥ ማኅተም) በወጣ ማዘመኛ ሲሆን፣ የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚገኙባቸው 18,000 ያህል ደንበኞች ፊርማውን አምነው ተቀብለውታል። በ2010 የተገኘው ስተክስኔት የተባለው የኮምፒውተር ቫይረስ ከሁለት የታይዋን ኩባንያዎች በተሰረቁ የፊርማ ቁልፎች የተፈረመ ነበር። በ2015 ደግሞ ኤክስኮድጎስት የተባለው ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) እንደ ዊቻት ባሉ እጅግ ታዋቂ መተግበሪያዎች ውስጥ ተሸሽጎ በአፕል መደብር ተገኘ፤ አበልጻጊዎቹ ስማቸውን አስመዝግበው፣ ዓመታዊ ክፍያቸውን ከፍለውና የአፕልን ግምገማ አልፈው የገቡ ናቸው፤ የተበከለው እነርሱ ሳያውቁ የሚሠሩበት የፕሮግራም መሣሪያ ነበር። የጎግል የራሱ መደብርም ከዚህ ነፃ አይደለም። ጎግል ጆከር እየተባለ የሚታወቀውን የማልዌር ቤተሰብ ከ2017 ጀምሮ ሲከታተል እንደቆየ፣ 1,700 ያህል መተግበሪያዎችንም ከፕሌይ ስቶር እንዳስወገደ በ2020 መጀመሪያ ራሱ ተናግሯል።

መታወቂያ የሚጠየቅበት አሠራር ከበሩ የሚመልሰው በአብዛኛው ታማኙን ሰው ነው። የተደራጀ ወንጀለኛ የሌላ ሰው መታወቂያ ይሰርቃል፣ ይገዛል፣ አለዚያም የተቸገረ ሰው ፈልጎ በስሙ እንዲያስመዘግብለት ይከፍለዋል፤ አንዱ ስም ሲዘጋበት ወደ ሌላው ይሸጋገራል። ከሥራ ሰዓቱ ውጪ ለራሱና ለጓደኞቹ አንዲት ጠቃሚ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ግን ስሙን፣ የቤት አድራሻውን፣ ስልኩን፣ ሲጠየቅም የመንግሥት መታወቂያውን አስረክቦ፣ 25 ዶላር ከፍሎና የፊርማ ቁልፉን አስመዝግቦ ፈቃድ መጠበቅ አለበት። ለተማሪዎችና በትርፍ ሰዓታቸው ለሚሠሩ ሰዎች ቀለል ያለ መመዝገቢያ ይኖራል ተብሏል፤ በእርሱ የሚወጣ መተግበሪያ ግን በተወሰኑ ስልኮች ላይ ብቻ የሚጫን ነው። ሥራው በሰዎች ዘንድ በተወደደ ጊዜ በሩ ይዘጋበታል ማለት ነው።

ከማመሳሰያው ቀጥሎ የሚመዘዘው ቁጥር ነው። ጎግል በራሱ ትንተና ከኢንተርኔት በቀጥታ በሚጫኑ መተግበሪያዎች ላይ ያገኘው ማልዌር በፕሌይ ስቶር ካገኘው ከ50 እጥፍ በላይ እንደሆነ ይናገራል። ቁጥሩን እንዳለ እቀበለዋለሁ። ሆኖም በአጭበርባሪ መልእክት በተላከ ሊንክ የተጫነውንና አንድ ሰው አስቦበት ከሚያምነው ምንጭ ያመጣውን ለይቶ የማያሳይ ቁጥር፣ ሁለቱንም በአንድ ገመድ ለማሰር ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ አይችልም።

ሁለቱን በአንድ ማሰር የሚያመጣውን ጉዳት፣ ኤፍ-ድሮይድ በተባለው የአንድሮይድ መተግበሪያዎች መደብር ላይ የሚደርሰው በደል በግልጽ ያሳያል። ከ2010 ጀምሮ የሚሠራው ይህ መደብር የሚያቀርበው ነፃና ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ብቻ ነው። ለሕዝብ ክፍት የሆነውን ምንጭ ኮድ ወስዶ ይመረምራል፣ መተግበሪያውን ከዚያው ኮድ ራሱ ይገነባል፣ በአብዛኛውም በራሱ ቁልፍ ይፈርምበታል፤ ማስታወቂያ ወይም ክትትል ያለበትን መተግበሪያም ለተጠቃሚው ምልክት አድርጎ ያሳውቃል። ከሚጭነው ሰው ስምም ሆነ የኢሜይል አድራሻ አይጠይቅም። በአዲሱ ደንብ መሠረት ግን የእያንዳንዱ መተግበሪያ መለያ ስምና የፊርማ ቁልፍ ማንነቱ በጎግል በተረጋገጠ ሰው ስም መመዝገብ አለበት። ኤፍ-ድሮይድ በበጎ ፈቃድ የሚሠሩትን አበልጻጊዎች ሄዳችሁ ተመዝገቡ ብሎ ማስገደድ አይችልም፤ የሰዎችን ሥራ በራሱ ስም ማስመዝገብም የባለቤትነት መብታቸውን መውሰድ ይሆንበታል። ደንቡ ፕሮጀክቱን ዛሬ በምናውቀው መልኩ እንደሚያበቃለት በሴፕቴምበር 2025 በይፋ ተናግሯል። እንግዲህ ሻንጣውን ከፍቶ የሚፈትሽ አንድ ቦታ ቢገኝ፣ መታወቂያ ብቻ የሚያይ ደንብ ሊዘጋው ነው። ይህን ደኅንነት ብሎ መጥራት ለእኔ ፍጹም ተቀባይነት የለውም።

በስልክ ተደውሎላቸው፣ የባንክ ሠራተኛ ነኝ በሚል ሰው ተዋክበውና ተታልለው አደገኛ መተግበሪያ የሚጭኑ ሰዎች መኖራቸውን፣ ገንዘባቸውንም ማጣታቸውን አልክድም። ለዚህ ግን የተጀመሩ መፍትሔዎች አሉ፣ የሚሠሩትም የመተግበሪያውን ድርጊት እየተመለከቱ ነው። አንድሮይድ መተግበሪያዎችን አንዱ የሌላውን መረጃ እንዳያይ ለያይቶ ያስቀምጣል። ከ2017 ጀምሮ ከመደብር ውጪ የመጫን ፈቃድ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ምንጭ በተናጠል ነው። በ2022 የወጣው አንድሮይድ 13 ደግሞ ከመደብር ውጪ የተጫነ መተግበሪያ ስክሪን ለማንበብና በተጠቃሚው ምትክ ስክሪኑን ለመንካት የሚያስችለውን የተደራሽነት ፈቃድ በቀላሉ እንዳያገኝ ገድቦታል፤ የባንክ ሌቦች ዋነኛ መሣሪያ ይህ ፈቃድ ነበርና። ፕሌይ ፕሮቴክት የተባለው የጎግል መመርመሪያም ከየትም የመጣ መተግበሪያ ሲጫን ይመረምራል። እነዚህን ማጠናከር ሲቻል የሰዎችን ስም መሰብሰብ ለምን ተመረጠ?

ይህን ጥያቄ ስጠይቅ የሚያስጨንቀኝ ከማልዌር የሚበልጥ ነገር ነው። ምን እንደሚጫን የመወሰን ሥልጣን በአንድ እጅ ሲገባ፣ ያንን እጅ መጠምዘዝ የሚችል ሁሉ የሥልጣኑ ተካፋይ ይሆናል። ይህ ግምት አይደለም፣ በተደጋጋሚ የታየ ነው። በ2017 አፕል የኢንተርኔት እገዳን ለማለፍ የሚያገለግሉ ቪፒኤኖችን ከቻይና መደብሩ አስወገደ። በኦክቶበር 2019 የሆንግ ኮንግ ሰልፈኞች ፖሊስ የት እንዳለ የሚያዩበትን ኤችኬማፕ የተባለ መተግበሪያ፣ የቻይና መንግሥት መገናኛ ብዙኃን ባወገዙት ማግስት አነሣው። በሴፕቴምበር 2021 የሩሲያ ምርጫ በተጀመረበት ዕለት የተቃዋሚ መሪ የነበረው የአሌክሴይ ናቫልኒ ደጋፊዎች ለየትኛው እጩ ድምፅ እንደሚሰጡ የሚጠቁመውን መተግበሪያ አፕልና ጎግል ሁለቱም ከመደብራቸው አወጡት፤ ባለሥልጣናቱ በአገሪቱ ያሉ ሠራተኞቻቸውን በወንጀል እንደሚከስሱ አስፈራርተዋቸው ነበር። በጁላይ 2024 አፕል በሩሲያ ተቆጣጣሪ ጥያቄ እዚያም ቪፒኤኖችን አስወገደ። ይህ በአምባገነን መንግሥታት ብቻ የሚሆን ነው ለሚሉ ደግሞ፣ በኦክቶበር 2025 አፕል የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ፖሊሶች የታዩበትን ቦታ የሚጠቁመውን አይስብሎክ ያነሣው በአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጥያቄ ነው። እነዚህን መተግበሪያዎች መውደድ ወይም መጥላት የየሰው ምርጫ ነው። በእያንዳንዱ አጋጣሚ ግን መንግሥት በሚሊዮኖች ኪስ ውስጥ ያለውን ስልክ ለመቆጣጠር አንድም ስልክ መስበር አላስፈለገውም፤ አንድ ኩባንያ ማስጨነቅ በቂው ነበር።

እስከ ዛሬ በአንድሮይድና በአይፎን መካከል የነበረው ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። በአይፎን ላይ ከመደብሩ መውጣት ለአብዛኛው የዓለም ሕዝብ የነገሩ መጨረሻ ነው። በአንድሮይድ ላይ ግን ከመደብሩ የተባረረ መተግበሪያ በድረ ገጽ፣ በፋይል፣ ከሰው ወደ ሰው ሊተላለፍ ይችላል፤ ጎግል ቢገደድ እንኳ ይህን መተላለፍ ሙሉ በሙሉ ማገድ አይችልም ነበር። ያ አለመቻል ለተጠቃሚውም ለኩባንያውም ጋሻ ነበር። የማይቻል ነገር አድርግ ተብሎ የሚታዘዝ የለምና። አሁን ኩባንያው ጋሻውን በገዛ እጁ እየጣለ ነው። የአንድን አበልጻጊ ምዝገባ መሰረዝ የሠራቸው መተግበሪያዎች ሁሉ እንዳይጫኑ ማድረግ ከሆነ፣ የስረዛው ትእዛዝ ከማን ይመጣል ብለን መጠበቅ ብቻ ነው የሚቀረን።

መዝገቡ ራሱም ሌላ አደጋ አለው። የትኛውን መተግበሪያ ማን እንደሠራው፣ ከነቤት አድራሻው፣ በአንድ ቦታ ተጠርዞ ይቀመጣል። የተከለከለ ዜና ማንበቢያ፣ ምስጢራዊ መልእክት መለዋወጫ ወይም የመብት ጥሰት መመዝገቢያ የሚሠሩ ሰዎች ስማቸውን የሚደብቁት አጭበርባሪ ስለሆኑ አይደለም፤ ከታወቁ የሚታሰሩ ስለሆኑ ነው። መዝገብ ደግሞ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይወሰዳል፣ በሰርጎ ገቦች ይመነተፋል። እንደዚህ ያለ ሰው ያለው አማራጭ ሁለት ይሆናል፤ ራሱን ለአደጋ ማጋለጥ ወይም ሥራውን መተው። አብዛኛው ሰው ከመደብር ውጪ ምንም አይጭንም የሚለው መከራከሪያም ለዚህ መልስ የለውም፤ መብቱን በየቀኑ የማይጠቀምበት ሰው፣ ክፉ ቀን ሲመጣ የሚደርስለትን መሣሪያ የሚያገኘው ጥቂቶች ዛሬ መሥራት ከቻሉ ብቻ ነው።

ውሳኔው የተነገረበትን ጊዜም ልብ በሉ። የጨዋታ ኩባንያው ኤፒክ ጌምስ በመሠረተው ክስ በአሜሪካ ከዜጎች የተውጣጣ የጁሪ ጉባኤ ጎግል በመተግበሪያ ስርጭት ላይ ሕገ ወጥ ሞኖፖሊ እንዳለው የወሰነው በዲሴምበር 2023 ነው። መደብሩን ለተፎካካሪዎች እንዲከፍት የተላለፈበትን ትእዛዝ የይግባኝ ፍርድ ቤት ያጸናበት ጁላይ 31 ቀን 2025 ነው። አንድ ወር ሳይሞላ፣ ኦገስት 25፣ ይኸው ኩባንያ ከመደብሩ ውጪ ያለውም ዓለም በእርሱ መዝገብ በኩል እንዲያልፍ አዘዘ። የአጋጣሚ ነገር ነው የሚለኝ ሰው ቢመጣ አላምነውም።

በኖቬምበር 2025 ተቃውሞው ሲበረታ ጎግል አደጋውን እቀበላለሁ ለሚሉ ልምድ ያላቸው ተጠቃሚዎች የተለየ መንገድ እንደሚያዘጋጅ ተናገረ። ብዙዎች ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ዝም ብለዋል። እኔ ግን ትናንት መብቴ የነበረው ነገር ዛሬ በልዩ ፈቃድ ሲሰጠኝ አመሰግናለሁ ማለት አልችልም። እንዲህ ያሉ መንገዶች በየማዘመኛው እንደሚጠቡ አይተናል፤ አፕል በማክ ኮምፒውተሮች ላይ ያልተረጋገጠ ፕሮግራም በአንድ ጠቅታ መክፈት የሚያስችለውን አቋራጭ በ2024 አንሥቶ ተጠቃሚውን ወደ ሴቲንግ ጓዳ ልኮታል።

ጥያቄያችን ግልጽ መሆን አለበት። ከየት እንደሚጫን የሚወስነው ቁልፍ በስልኩ ስርዓተ ክወና ውስጥ፣ በባለቤቱ እጅ ይቀመጥ፤ ባለቤቱ አንዴ ከወሰነ ስልኩ ኢንተርኔት ባይኖረውም፣ የጎግል ሰርቨር ባይፈቅድም ውሳኔው ይጽና። ባለቤቱ የሚያምነው ሌላ መደብር በራሱ ቁልፍ የፈረመው መተግበሪያም ለማንም ሳይመዘገብ ይጫን። ደንቡ ከሴፕቴምበር 2026 ጀምሮ ቀድሞ እንዲተገበርባቸው የተመረጡት የብራዚል፣ የኢንዶኔዥያ፣ የሲንጋፖርና የታይላንድ የውድድር ተቆጣጣሪዎች፣ በ2027 ወደ ሌላው ዓለም መስፋፋት ከመጀመሩ በፊትም አፕልን በሩን እንዲከፍት ያስገደደው የአውሮፓ ኮሚሽን፣ ኩባንያውን በይፋ ጠርተው ሊጠይቁት የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ አንድ መንግሥት ነገ የአንድን አበልጻጊ ስም እንዲሰርዝ ቢያዘው፣ አልችልም ብሎ የሚመልስበት ምን ቀርቶለታል?