ይድረስ ለክቡር ፎቶ ኮፒ

ቁጥር፦ ኮ/ኮ/ኮ/01/2018
ቀን፦ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. (እዚህ ታይላንድ 2568 ነው፤ እመለስበታለሁ)

ለክቡር ፎቶ ኮፒ
ባሉበት፣ ማለትም በሁሉም ቦታ

ጉዳዩ፦ በትዳሬ መካከል መግባትዎን ስለማሳወቅ

ክቡርነትዎ፣

በቅድሚያ እንኳን ለልደትዎ አደረሰዎ። ረስተውት እንደሆነ ላስታውስዎ። ቼስተር ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ የፓተንት ክፍል ሠራተኛ ሰነድ በእጅ መገልበጥ ሰለቸውና፣ ኒውዮርክ አስቶሪያ ውስጥ በተከራያት ክፍል፣ ድኝ በተቀባ የዚንክ ሰሌዳ አማካይነት «10-22-38 አስቶሪያ» የምትል ጽሑፍ ወረቀት ላይ አሳረፈ። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 12 ቀን 1931 መሆኑ ነው። ሰውየው ድካም ሊያቀልልን ነበር ሐሳቡ። ከዚያ በፊት አንድ ዳዊት ብራና ላይ ለመገልበጥ ቁም ጸሐፊው ወራት ይቀመጥ ነበር፤ ስለዚህም «ሁለት ሁለት ኮፒ ይዘህ ና» ለማለት የሚደፍር ቢሮ አልነበረም። ድፍረቱ የመጣው ከእርስዎ ጋር ነው።

እኔና እርስዎ የምንተዋወቀው ከቀበሌ ጀምሮ ነው። «ኦሪጅናሉን ከኮፒው ጋር!» የሚለው ድምፅ ዛሬም በሕልሜ ይመጣል። ዲጂታል የተባለው ፋይዳ እንኳ ታትሞ፣ ላሚኔት ተደርጎ ኪስ ለኪስ ሲዞር አይቻለሁና ከአገሬ ሰው ጋር ያለዎት ፍቅር የሚበጠስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ከአዲስ አበባ ስነሳ ቦሌ ላይ የተሰነባበትን መስሎኝ ነበር። ባንኮክ ሲባል ያገራችን ሰው ቶሎ የሚታየው ሆስፒታል ነው፤ ታሞ ይመጣል፣ ድኖ ይመለሳል። እኔ ጤነኛ ሆኜ መጥቼ፣ አግብቼ ቀረሁ። የኔ በሽታ በዓመት አንዴ የሚነሳ ነው።

በሰዉ አፍ «የትዳር ቪዛ» ይባላል። በወረቀት ስሙ ግን ታይላንዳዊት ባገባ የውጭ ሰው ፓስፖርት ላይ የመቆያ ጊዜውን በአንድ ዓመት ማራዘም ነው። ክፍያው 1,900 ባት። አይበዛም፣ ሐቁን ልናገር። 1,900ው የመንግሥት ነው፤ የቀረው፣ ማለትም እንቅልፌ፣ ከሥራ የምወስደው የእረፍት ቀንና የባለቤቴ ትዕግስት፣ የእርስዎ ድርሻ ነው።

የኢሚግሬሽን ቢሮው ፊት ለፊት ያለችውን ኮፒ ቤት መቼም አይረሷትም፤ መኖሪያዎ ናት። የቆርቆሮ ጥላ፣ በሩ ላይ የተኛ ውሻ፣ አንድ ማሽን፣ ጥግ ላይ እንደ ግንብ የተደረደረ ኤ4 ወረቀት። ባለቤቲቱ የትዳሬን ፋይል ከኔ በተሻለ ታውቃለች። ገና ከሞተር ሳይክሉ ስንወርድ እጇን ትዘረጋለች፦ ፓስፖርት፣ ፎቶ ያለበት ገጽ፣ ማህተም ያለባቸው ገጾች በሙሉ፣ ቲኤም 7 የሚባለው ማመልከቻ፣ የባለቤቴ መታወቂያ፣ ታቢየን ባን የሚሉት ሰማያዊው የቤት ደብተር፣ የባንክ ደብተር ከሽፋኑ እስከ መጨረሻው መስመር። ሁሉም ሁለት ሁለት። በፊደል ተራ ሳይሆን በመስኮቷ ባለሥልጣን አመል ተራ ትደረድረዋለች።

ይቺ ሴት ለኔ ብቻ የምታደርግልኝ አንድ ነገር አለ። መጀመሪያ ዓመት የፓስፖርቴን ኮፒ ስታወጣ፣ ክቡርነትዎ የሠሩኝ ሥራ ይታወሳል፤ አንገትና ሸሚዝ በደንብ ይታያል፣ ከአንገት በላይ ጥቁር ድስት። ያ ሰው እኔ ልሆን እችላለሁ፣ አበበ ቢቂላም ሊሆን ይችላል። መስኮት ላይ ሲመለስብን ሴትየዋ አንድም ቃል ሳትናገር የቀለም ማቅለያውን ቁልፍ ሁለቴ ተጫነች፣ ዓይኔና ጢሜ ብቅ አሉ። ከዚያ ወዲህ ገና ከሩቅ ስታየኝ ሁለቴ ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች። ከዚያ ግቢ ውስጥ ፊቴን የሚያውቀው እሷ ብቻ ናት ብል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ መስኮቱ።

ዘንድሮ የተቀመጠችው ወጣት ባለሥልጣን ትሑት ናት። እጇን አጋጥማ ሰላም አለችን፣ ባለቤቴንም «ፒ» አለቻት፤ እንደ እኛ «እትዬ» በሉት። ሕጉ ሚስት በአካል እንድትገኝ ይፈልጋልና ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣለች፣ ጉልበታችን ይነካካል።

«የባለቤትዎ መታወቂያ ኮፒ?»

«ይኸው።»

«ፊርማ የለውም።»

ባለቤቴ እስክሪብቶ አንስታ በገዛ ፊቷ ላይ «ሳምናው ቱክ ቶንግ» ብላ ጻፈች። «ትክክለኛ ግልባጭ» ማለት ነው። ከዚያ ፈረመች። ባለሥልጣኗ ወረቀቱን ቀና አድርጋ አየችው፣ ባለቤቴን አላየቻትም።

«በጥቁር ተፈርሟል። ሰማያዊ ይሁን፤ ጥቁር ከሆነ ኮፒ ይመስላል።»

ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቁምና ልተንፍስ። ኮፒው ኮፒ መምሰል የለበትም። ካርዱ ደግሞ ውስጡ ቺፕ ያለው ነው፤ ማሽን ላይ ሲያስገቡት ስሟን፣ አድራሻዋን፣ ፎቶዋን ይተፋል። ካርዱ አለ፣ ቺፑ አለ፣ የካርዱ ባለቤት በሕይወት አለች፣ እንዲያውም በዚያች ሰዓት በሹክሹክታ እየሰደበችኝ ነበር። የታመኑት ግን እርስዎ ነዎት።

ትዳራችንስ ቢሆን? ጠርዙ ያጌጠው የጋብቻ ሰርተፍኬት፣ ኮር ሮር 3 የሚባለው፣ ለግድግዳ ያምራል እንጂ ብቻውን አይበቃም። ከሱ ጋር ኮር ሮር 2 የሚሉት የጋብቻ መዝገብ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ አምፐ ይሉታል፣ አዲስ ተገልብጦ መምጣት አለበት። ያምናው አይሠራም፤ ምናልባት በመሃል ተፋተን እንደሆነስ? ስለዚህ ትዳራችን እንደ እንጀራ ነው፣ የሰነበተው ይሻግታል። በዓመት አንድ ቀን ወረዳ ሄደን አዲስ እናስጋግራለን።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ባል የሆነ የውጭ ሰው በታይላንድ ባንክ 400,000 ባት ከማመልከቻው በፊት ለሁለት ወር ተቀምጦ ማሳየት አለበት፣ ወይም በወር 40,000 ባት ገቢ። (ለአገሬ እህቶች በቅንፍ ልንገራችሁ፦ ይኸ የሚጠየቀው ታይላንዳዊት ላገባ ወንድ ነው። ታይላንዳዊ ያገባች ሴት ይኸን ገንዘብ አሳዪ አትባልም። ሕጉ ወንድ ልጅ ያበላል ብሎ ያምናል፤ የኔን አማት ወጥ ቤት ቢያይ ማን ማንን እንደሚያበላ ይገባው ነበር።) ሳገባ ሲን ሶት የሚሉትን ጥሎሽ ለአማቴ ሰጥቻለሁ፤ እሳቸው አንዴ ተቀብለው መረቁኝ። ባንክ ያስቀመጥኩት ጥሎሽ ግን በየዓመቱ ይቆጠራል፣ ማንም አይመርቀኝም።

የማመልከቻው ዕለት ጠዋት ደግሞ ደብተሩ የዚያን ቀን ቀን ሊኖረው ይገባል። ገንዘቡ ማታ ጠፍቶ ሊያድር ይችላላ! ስለዚህ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ባንክ በር ላይ ቆመን እንጠብቅና 100 ባት አስገብተን፣ አንዲት መስመር አሳትመን፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ወደ ኮፒ ቤቷ እንበራለን። ዘንድሮ ያቺን መቶ ባት ያስገባሁት እኔ፣ ደብተሩን ማሽን ላይ ረስቼ የወጣሁትም እኔ። የባለቤቴን ሹክሹክታ መንስኤ አሁን ያገኙት ይመስለኛል።

ፎቶውን ልዝለለው ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም። ባልና ሚስት መሆናችን በፎቶ ይታያል፦ ቤቱ ፊት ለፊት የቤት ቁጥሩ እየታየ፣ ሳሎን፣ ወጥ ቤት፣ መኝታ ቤት። አንሺዋ አማቴ ናቸው። የቤት ቁጥራችን ፓፓያ ዛፍ ጀርባ ስለሆነ በየዓመቱ አንድ ቅጠል ለኢሚግሬሽን መሥዋዕት ይሆናል። መኝታ ቤት አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፣ እጃችን ጉልበታችን ላይ። እንደኛ አገር ሰርግ ፎቶ፣ ማንም ያልሞተበት ለቅሶ።

«ትንሽ ጠጋ በሉ እንጂ፣» አሉ አማቴ፣ «ፖሊሶቹ ሊያዩት ነው።»

ጠጋ አልን። በዚህ ምድር ላይ «ፖሊሶቹ ሊያዩት ነው» ተብሎ የሚጠጋጋ ባልና ሚስት እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

ይኸ ሁሉ ሆኖ ባለሥልጣኗ ፎቶውን አይታ ምን አለች? «ሸሚዙ ያምናው ነው። ፎቶውም ያምናው እንዳይሆን?» ክቡርነትዎ፣ ደህና ሸሚዜ አንድ ናት። ዕለቱንም እሷኑ ነበር የለበስኩት። ቆሜ አሳየኋት፤ ሸሚዙ በአካል ቀርቦ መሰከረ። ከሚስቴ ይልቅ እሱ ተሰሚነት አገኘ።

ከላይ እመለስበታለሁ ያልኩት ዘመን አለ። የነሱ ከፈረንጁ 543 ዓመት ይቀድማል፣ የኛ ሰባት ወይም ስምንት ይዘገያል። አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠን በእኔና በሚስቴ መካከል 550 ዓመት አለ። የመኖሪያችን ጉዳይ የሚዳኝበት የኢሚግሬሽን ሕግ የወጣው በነሱ 2522፣ በፈረንጁ 1979፣ በኛ 1971 ነው። አንቀጽ 38ቱ ቤቱ የውጭ ሰው ያሳደረ በ24 ሰዓት ውስጥ ያሳውቅ ይላል፤ ቲኤም 30 የሚባለው ቅጽ ነው። ቤቱ በባለቤቴ ስም ስለሆነ፣ ባሏን ልክ እንደ ሆቴል እንግዳ «አንድ የውጭ ሰው ቤቴ አድሯል» ብላ አስመዘገበችኝ። ስንጣላ አሁንም ታስታውሰኛለች።

ካርታም አለ፣ ወደ ቤታችን የሚያመራ። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ «ከቤተ መቅደሱ ጀርባ፣ ኑድል ሻጯን አልፎ፣ ውሻ ከሚጮህበት ወደ ግራ» ብዬ ሣልኩት። የሚገርመው ይኸ ብቻ ያለ ጥያቄ አለፈ።

በዚሁ ካርታ ሁለት ፖሊሶች አንድ ከሰዓት በኋላ መጡ። ቤቱን አዩ፣ ጫማዬን በር ላይ አዩ፣ ከዚያ ጎረቤታችንን አሮጊቷን «እውነት አብረው ይኖራሉ?» ብለው ጠየቁ።

«ይኖራሉ እንጂ፣» አሉ፣ «ትናንት ማታ ስለ ባንክ ደብተር ሲጨቃጨቁ አላስተኙኝም።»

ፖሊሶቹ ተያዩና ሳቁ። ትዳራችን ያን ጊዜ ጸደቀ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ አንደኛው ወደ አሮጊቷ ዞሮ፣ ከትልቅ አክብሮት ጋር፣ የመታወቂያቸውን ኮፒ ጠየቃቸው። ፊርማ ያለበት። በሰማያዊ።

ቀሪውን ያውቁታል። የ30 ቀን «በመታየት ላይ» ማህተም፣ ተመልሶ መሄድ፣ ከዚያ ዓመቱ። ከአገር ልወጣ ካልኩ የመመለሻ ፈቃድ ለአንድ ጊዜ 1,000፣ ለብዙ ጊዜ 3,800 ባት፤ ረስቶ የወጣ ዓመቱን እዚሁ አየር ማረፊያ ላይ ጥሎ ይሄዳል። በየ90 ቀኑ «አለሁ» የሚባልበት ቲኤም 47፣ የዘገየበት 2,000 ባት። የሁሉም ኮፒ፣ የኮፒዎቹም ደረሰኝ ኮፒ።

ክቡርነትዎ፣ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የኔና የባለቤቴ ግልባጭ እዚያ መደርደሪያ ላይ ተቆልሏል፤ ባለፈው ሳየው ከአማቴ ቁመት ይበልጣል። ፊታችን አለ፣ ፊርማችን አለ፣ አልጋችን አለ፣ ሸሚዜ አለ። እንግዲህ ለከርሞ ያ ክምር ራሱ ተነስቶ፣ ወረፋ ይዞ፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ መስኮቱ ፊት ይቀመጥልን። ማንም የሚጠረጥረው የለም፤ እኛ ነን ኮፒ የምንመስለው። እኛ በዚያን ቀን ቤት ሆነን የፓፓያ ሰላጣ እንበላለን።

ከሰላምታ ጋር
(በሰማያዊ የተፈረመ)

አባሪ፦ የዚህ ደብዳቤ 2 ኮፒ

ግልባጭ፦
ለኮፒ ቤቷ እመቤት (ሁለቴ ይቅለልልኝ)
ለአማቴ
ለጎረቤታችን አሮጊት፣ ከይቅርታ ጋር
ለባለቤቴ (ለእሷ ኦሪጅናሉ)