የሐረር ውኃ ጉዳይ ሐረር ላይ ብቻ አይወሰንም

የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ሲደርቅ ሐረር ዋነኛ የመጠጥ ውኃዋን አጣች። ከተራቆተው ተዳፋት የታጠበው ደለል፣ ለጫትና ለአትክልት ውኃ የሚስበው ሞተር፣ የከተማው ቧንቧ ሁሉም ድርሻ ነበራቸው። ሁሉንም በአንድ ስሌት የሚገዛ ዕቅድ ግን አልነበረም።

ቀጥሎ የመጣው መፍትሔ ውኃውን ድሬዳዋ አቅራቢያ ካለው ከሃስሊሶ የጉድጓድ ሥፍራ ማምጣት ነበር። መስመሩ ደንገጎን፣ አዴሌን፣ ሐረማያንና አወዳይን ጭምር እንዲያጠጣ ታስቦ ተዘረጋ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ በመሃል ደግሞ የደንገጎ ዳገት አለ። ከሃስሊሶ ሐረር የሚደርስ እያንዳንዱ ጀሪካን ውኃ ያንን ዳገት በፓምፕ ኃይል ወጥቶ ነው። መብራት ሲቋረጥ ፓምፑ ይቆማል፤ ፈረቃዋን ስትጠብቅ የሰነበተች እናትም በርሜሏን ባዶውን ታየዋለች።

ድሬዳዋም ብትሆን የተረፋት ውኃ የለም። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የሌላት፣ በጉድጓድ የምትኖርና በፍጥነት የምታድግ ከተማ ናት። ጉድጓዶቿን የሚመግበው ዝናብ በአብዛኛው የሚጥለው ከበላይዋ ባለው በምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ፣ በኦሮሚያ ክልል ነው። ያ ተዳፋት ሲራቆት ጎርፉ ይበረታል፤ ወደ መሬት የሚሰርገው ይቀንሳል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ደረቅ ወንዝ ሞልቶ ጎርፉ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲገድል የመጣው ከዚያው ደጋ ነበር። የጎርፍ መከላከልንና የመጠጥ ውኃን በተለያየ ቢሮ፣ በተለያየ በጀት መያዝ ለእኔ ትልቁ ስህተት ነው።

የውኃ ዕቅድን በተፋሰስ መከፋፈልም ብቻውን አይበቃም። ድሬዳዋ በአዋሽ፣ ሐረር በዋቢ ሸበሌ ተፋሰስ ውስጥ ናቸው፤ ቧንቧው ግን ሁለቱን አገናኝቷል። ስለዚህ ሐረሪ፣ ኦሮሚያና ድሬዳዋ የሚፈርሙበት አንድ የሠላሳ ዓመት የውኃ ዕቅድ ያስፈልጋል። የጉድጓዶቹ የውኃ ከፍታ በየወሩ ተለክቶ ለሦስቱም ይፋ ይሁን። ከከተሞቹ የውኃ ክፍያ ላይም ጥቂት ሳንቲም ተቀንሶ ለደጋው እርከንና ችግኝ ይዋል፤ ከታች የሚጠጣው ሰው ከላይ ለሚደክመው ገበሬ ዋጋ መክፈል አለበት። ገበሬውን በባዶ እጁ «ሞተርህን አንሳ» ማለት ግፍ ነው፤ ቤተሰቡ የሚያድረው በዚያ ማሳ ነው።

የሐረማያ ሐይቅ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውኃ መያዝ ጀምሯል። ከእሱ ማን ምን ያህል እንደሚቀዳ ሦስቱ አስተዳደሮች ከገበሬዎቹ ጋር ተቀምጠው አሁኑኑ ይስማሙ፤ ዕቅዱም ከዚያ ይጀመር።