ዝንጅብሉ ሠራልህ?

ጉንፋን ይዞኛል። የሚያናድደኝ ግን ጉንፋኑ አይደለም፣ ስልኬ ነው። አንድ ወዳጄ ራሱ የሠራውን የዝንጅብል ከረሜላ በብልቃጥ ሞልቶ ሰጥቶኝ ከሄደ ወዲህ እፎይታ የለኝም። «ሠራልህ?» ይላል። ትንሽ ቆይቶ «አሁንስ?» ይላል። ልክ ብድር እንደሰጠ ሰው ይከታተለኛል። «እየተሻለኝ ነው» ካላልኩት ድምፁ ይሰበራል። ስለዚህ በሽተኛው እኔ ሆኜ አስታማሚውም እኔ ነኝ፤ እሱን አስታምማለሁ።

ከረሜላው መጥፎ አይደለም። መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ቀጥሎ ጉሮሮን ለብለብ ያደርጋል። ሲመጠጥ ምራቅ ይመነጫል፣ የደረቀው ጉሮሮ ይርሳል፣ ሳሉም ለጊዜው ጋብ ይላል። ይህን ግን ዝንጅብል የሌለበት ከረሜላም ያደርገዋል። እሱ ፊት እንዲህ ማለት ታዲያ ማን ይደፍራል?

አሠራሩንም፣ ራሴ እየወቀረኝ፣ ከነዝርዝሩ ሰምቻለሁ። ዝንጅብሉን ልጦ፣ ፈቅፍቆ፣ ቀቀለው። ውሃውን አጥልሎ ስኳር ጨመረበትና መልሶ ጣደው። ስኳሩ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ካልደረሰ ጠንካራ ከረሜላ አይወጣውም፤ ቀድሞ ከወረደ ጥርስ የሚነቅል ሙጫ ይሆናል። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣል ያደርጋል። ጠብታው ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። ሎሚ የሚጨመረውም ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ አሲዱ ከፊሉን ስኳር ይሰባብረውና ተመልሶ ፍሬ ፍሬ እንዳይሆን ያግዛል። መፍላት ከጀመረ በኋላ ማማሰል ግን ያንኑ ፍሬ ስለሚያመጣ አይመከርም። ወዳጄ አማስሏል። ከረሜላው ጥርስ ውስጥ አሸዋ አሸዋ ይላል። ምን እንደሆነ ስጠይቀው «ፋይበሩ ነው» አለኝ።

«ካላቃጠለማ ምኑን መድኃኒት ሆነ?» ይላል ደግሞ። ጥሬ ዝንጅብል የሚያቃጥለው ጂንጀሮል በሚባል ንጥረ ነገር ነው። ሲደርቅ ሾጋኦል ወደሚባል፣ ይበልጥ ወደሚያቃጥል ነገር ይለወጣል። ሲበስል ደግሞ ከፊሉ ዚንጀሮን ይሆንና ይለዝባል። በወዳጄ ሕግ ከሄድን፣ ሰዓታት ምድጃ ሥር ቆሞ የደከመው መድኃኒቱን ለማዳከም ነው። ይህንንም አልነገርኩትም። ታምሜ ሙግት አልችልም።

አንድ የምወደው ተረት አለ፤ «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል። ብዙ ጊዜ ሰዎችን ገሥጬበታለሁ። አሁን ሳስበው ግን ተረቱ ግማሽ ነው። የሸሸገው ምን እንደሚደርስበት ነገረን፤ የተናገረውስ? የተናገረው ሰው መድኃኒት እንዳይገኝለት አይሰጋም፤ መድኃኒቱ ነው የሚያሳድደው። እንጥሽ ባልክ ቁጥር አንድ ሐኪም ይወለዳል። አንዱ እንፋሎት ታጠን ይላል፣ ሌላው ነጭ ሽንኩርት ጥሬውን ዋጥ ይላል፣ ሦስተኛው ከቤቱ የተረፈ አንቲባዮቲክ ይዞ ይመጣል። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያ ነው የሚገድል፤ ጉንፋን ደግሞ ቫይረስ ነው። ጉንፋን የሚያመጡት ቫይረሶች ከ200 በላይ ናቸው። ሰውየው ግን «እኔን አድኖኛል» ብሎ ይምላል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት!

በዚህ ላይ ምስጋናው የሚከፋፈልበት መንገድ ያበግነኛል። ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ቆይቶ በራሱ ይሄዳል። ስለዚህ በሁለተኛው ቀን መድኃኒት ይዞ የመጣ ሰው ሞኝ ነው፤ ነገሩ ገና ይብሳል፣ ስሙም ይጠፋል። በስምንተኛው ቀን የመጣው ባዶ ውሃ ቢያጠጣህም አዋቂ ይባላል። ወዳጄ የመጣው በስድስተኛው ቀን ነው። ነገሩን ያወቀበት ይመስለኛል።

ደግሞ እነሱን ብቻ ለምን እወቅሳለሁ? የሁለት ኖቤል ሽልማት ባለቤቱ አሜሪካዊው ኬሚስት ሊነስ ፖሊንግ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1970 ቫይታሚን ሲ ጉንፋንን ይከላከላል ብሎ ዓለምን ሲያስጨንቅ ነበር። በኋላ በብዙ ሰው ላይ ሲሞከር፣ ዘወትር መውሰዱ ሕመሙን በጥቂቱ ከማሳጠር በቀር አብዛኛውን ሰው ከመያዝ እንደማያድን ታየ። ኖቤል ያለው ሰው ያልተላቀቀውን አመል፣ ብልቃጥ ያለው ሰው እንዴት ይላቀቀው?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ይሄ ነው። ወዳጄ ከረሜላውን ሲሰጠኝ «ብርድ መቶህ ነው፣ አትደርብም» አለኝ። ብርድ! እንግሊዝ አገር ሳልስበሪ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1946 የተከፈተ የጉንፋን ምርምር ጣቢያ ነበር፤ ከ40 ዓመት በላይ ሠርቷል። እዚያ ፈቃደኞችን ሙቅ ውሃ ካጠቡ በኋላ ገላቸው እርጥብ እንደሆነ ነፋስ በሚያስገባ ኮሪደር ላይ አቆሟቸው፣ እርጥብ ካልሲም አስደረጓቸው። ብርዱ ብቻውን ጉንፋን አላመጣባቸውም። ጉንፋን ከሰው ነው የሚመጣ። የኔ ደግሞ ከማን እንደመጣ አውቃለሁ። ከእሱ ነው!

ባለፈው ስንገናኝ አይቼዋለሁ። መዳፉን አፉ ላይ አድርጎ ሳለ፤ ደህና። ከዚያ ያንኑ መዳፍ ዘረጋልኝ። ምን ይደረጋል? ሰው እጁን ዘርግቶ አይታለፍም። የሰላምታ ይሉኝታ ስንቱን አልጋ ላይ እንደጣለ ቢቆጠር ጉድ ነው። ቫይረሱ እጅ ላይ ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል፤ እጁ አፍንጫና ዓይን ከነካ ሥራው አለቀ። ክርንህ ላይ ሳል ወንድሜ! ክርን ማንም አይጨብጥህም። ወይም እጅህን ከኋላህ አድርገህ «አሞኛል» በል፤ ማንም አይቀየምህም። ያመመው ሰው ቤቱ ቢውል ዓለም የሚቆም ይመስለዋል፤ እያነጠሰ ሥራ ይገባል፣ እያነጠሰ ለቅሶ ይደርሳል፣ እያነጠሰ ሰው ይስማል፣ «ቀላል ናት» ይላል። ለእሱ ቀላል ናት፤ ለሽማግሌና ለሳንባ ሕመምተኛ ግን ቀላል ላትሆን ትችላለች። ይሄኔ ነው ቀልዱ የሚያልቅብኝ።

በሽታውን ሰጥቶኝ፣ መድኃኒቱን ሰጥቶኝ፣ ምስጋናውን ይጠብቃል። ከረሜላውንም የጠቀለለው በዚያው እጁ ነው። እርግጥ 150 ዲግሪን የሚቋቋም የጉንፋን ቫይረስ የለም። ግን የሚጠቀለለው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው እኮ።

ለማንኛውም ለመሥራት ያሰበ ካለ፣ ሎሚውን አይርሳ፣ አያማስል፣ የጋለ ስኳር ክፉ ስለሚያቃጥል ልጆች ከምድጃው ይራቁ። በስኳር ፋንታ ማር የሚጠቀም ደግሞ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አንዲት ጠብታ እንዳያቀምስ፤ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። ለትንንሽ ልጆች ጠንካራ ከረሜላም አይሰጥም፣ ያንቃል። ሲጠቀለል የስታርች ወይም የስኳር ዱቄት ቢነሰነስበት እርስ በርሱ አይጣበቅም። የወዳጄ ተጣብቋል፤ ብልቃጡን በማንኪያ ነው የምፈለፍለው። አሁን ደግሞ «ስንት ቀረህ? ሌላ ልሥራልህ?» ብሎ ጽፎልኛል። «አመሰግናለሁ፣ ድኛለሁ» ብዬ መለስኩለት። ከዚያ አሳለኝ።