ይድረስ ለክቡር የወንዛችን ሽታ

ጉዳዩ፦ ዝውውርን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ አፍንጫችንን ይዘን ደህና ነን።

ትውውቃችን የቆየ ስለሆነ ደፍሬ ጻፍኩ። ጠዋት ታክሲው ድልድዩ ላይ ሲወጣ መስኮት የሚያዘጋው ረዳቱ ሳይሆን እርስዎ ነዎት። እንቅልፍ የወሰደው ተሳፋሪ እንኳ ቀበና መድረሱን የሚያውቀው በእርስዎ ነው። ቤት በምልክት እንጂ በቁጥር በማይገኝበት ከተማ ይህ ቀላል አገልግሎት አይደለም።

ትጋትዎንም አደንቃለሁ። የዓመት ፈቃድ የሚወጡት ሐምሌና ነሐሴ ጎርፉ ሲመጣ ብቻ ነው። ደላላም ወንዝ ዳር ያለ ቤት ማሳየት የሚወደው ያኔ ነው። «ነፋሻማ ነው፣ ጸጥ ያለ ሰፈር!» ይላል። ተከራይ ቀብድ ይከፍላል። ጥር ላይ ያ ነፋስ እርስዎን ይዞ ይገባል።

እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍል ውኃን ባይወዱት ኖሮ፣ እርስዎም ዛሬ ሥራ ፈት ነበሩ። መኳንንቱ በየኮረብታው ሰፈሩ፣ ወንዞቹም በመሃል ፈሰሱ። ከዚያ በኋላ የመጣነው ቤት ስንሠራ ፊቱን ወደ መንገድ፣ ጀርባውን ወደ ወንዝ አደረግነው። ሳሎኑ በዚህ፣ ቱቦው በዚያ። ዝናብ ጠብቆ የመጸዳጃ ጉድጓዱን የሚለቅም አይጠፋም። ክቡርነትዎ ወላጅ አልባ አይደሉም።

በየካቲት 2011 ዓ.ም. ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ወንዝ ዳር በ29 ቢሊዮን ብር ይለማል ሲባል ደንግጠው ይሆናል። ግንቦት ላይ ደግሞ «ገበታ ለሸገር» ተባለና ለአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር የሚከፈልበት እራት ተበላ። እርስዎ አልተጠሩም። በገዛ ጉዳይዎ! እርግጥ ፓርክ በተሠራበት በኩል ተገፍተዋል፤ ዛሬ እዚያ ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ግን ወደ ታች ወረዱ እንጂ ከተማውን አልለቀቁም።

ታች ደግሞ እርሻ አለ። በቄራ፣ በመካኒሳና በላፍቶ በኩል በወንዙ ውኃ ቆስጣ፣ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ከማሳው እስከ ገበያው ቅርብ፣ ቅጠሉ ሳይጠወልግ ይደርሳል። አልሚዎቹም ታታሪዎች ናቸው፤ ሌላ ውኃ ማን ሰጣቸው? ችግሩ አብሮዎት የሚጓዘው ክሮሚየም የሚባል ከባድ ብረት ነው፤ ቆዳ ፋብሪካዎች ለማልፋት የሚጠቀሙበት። ተመራማሪዎች እሱንም ካድሚየም የሚባለውን ሌላ ጎጂ ብረትም ከወንዝ ዳር ቅጠላ ቅጠል ውስጥ አግኝተዋቸዋል። እርስዎ ቢያንስ ሰው ያስጠነቅቃሉ። እሱ አይሸትም። ሥር ለሥር ገብቶ ቅጠሉ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ሰላጣውን አሥር ጊዜ ቢያጥቡት ንቅንቅ አይልም። በጾም ቀን ከሽሮው አጠገብ ዝም ብሎ ቁጭ ይላል። ስለዚህ «ወንዙ ጸዳ» የምንለው እርስዎ ስለጠፉ ብቻ ከሆነ፣ በጣም የሚደሰተው እሱ ነው።

ወደ ዝውውሩ ልምጣ። የለንደኑ ዘመድዎ እ.ኤ.አ. በ1858 በጋ ላይ ከቴምዝ ወንዝ ተነስቶ ፓርላማ ገባ። መጋረጃውን ክሎሪን ባለው ኖራ ቢነክሩትም አልተመለሰም። ለዓመታት ሲንከባለል የኖረው የፍሳሽ ጉዳይ ሦስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ሕግ ወጣለት። ጆሴፍ ባዛልጌት የሚባል መሐንዲስም ፍሳሹን ወንዙ ሳይደርስ የሚቀበሉ ትላልቅ ቦዮች ዘረጋ። ዘመድዎ ድሃው ሰፈር ውስጥ ዕድሜ ልኩን ቢኖር ይህን አያገኝም ነበር።

እርስዎም ከድልድዩ ተነስተው ስለ ወንዝ ወደሚወሰንበት የስብሰባ አዳራሽ እንዲዛወሩ በትሕትና እጠይቃለሁ። አበል አይጠይቁም፣ ወንበር አይዙም። ብቻ ሻይ እረፍት ላይ እንዳይወጡ አደራ። የፋብሪካ ፍሳሽ ሳይጣራ ለምን ይለቀቃል፣ የየቤቱ ቱቦ ከፍሳሽ መስመር መቼ ይገናኛል፣ የሚሸጠውን ሰላጣ ማን ይመረምራል የሚሉት አጀንዳዎች እስኪነሱ በሩ አካባቢ ይቆዩ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የታክሲ ተሳፋሪ

ግልባጭ፦
ለዝንቦችና ለትንኞች
ለደላሎች (እስከ ክረምት እንዲታገሡ)
ለክሮሚየም፣ ባለበት