ዝውውር ሲባል ደሜ ይፈላል

ደግሞ ዝውውር! የወታደር ሚስት መሆኔን አውቃለሁ። «ስታገቢው አላወቅሽም ወይ?» የምትሉኝ እባካችሁ ተዉኝ። ትዕዛዙ የሚወጣው በእሱ ስም ነው፤ ዕቃው፣ ልጆቹ፣ ትምህርት ቤቱ ግን እኔ ጫንቃ ላይ ነው። እሱማ ገና የአልጋው ብሎን ሳይጠብቅ «ግዳጅ ነው» ብሎ ውልቅ አለ። ምን ይደረግ፣ በእሱም አይፈረድም።

ብሎኑስ የት ገባ? ካርቶኑ ሁሉ ላይ «ልዩ ልዩ» ተብሎ ተጽፏል። የትንሿን የክትባት ካርድ ፍለጋ ቤቱን ገለባበጥኩት። ያለ ካርዱ መዋለ ሕፃናቱ አልቀበልም አለ። የትልቁ መሸኛ ደግሞ «ማኅተሙ አይነበብም» ተብሎ ተመለሰ። እና ለማኅተም ብዬ ወደ ድሮው ከተማ ልብረር?

ማታ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ትልቁ በእንቅልፍ ልቡ ተነስቶ ሽንት ቤት መስሎት ቁም ሳጥኑን ይከፍታል። በድሮው ቤት በሩ እዚያ ጋ ነበራ! ትንሿ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆማ «ቤታችን እንሂድ» ትላለች። ቤታችን ይሄ ነው ስላት እንደ ውሸታም ታየኛለች።

ሰው ደግሞ «ልጆች ቶሎ ይለምዳሉ» ይለኛል። አዎ፣ ይለምዳሉ። ልክ ጓደኛ ሲይዙ ነው ቀጣዩ ትዕዛዝ ከች የሚለው።