የቤት ልጅ የምትወዱ ከሆነ አትቅጠሩት

ክረምት ሲገባ ደሴ ላይ ኳስ ይቆማል፤ የኳስ ወሬ ግን አይቆምም። የአገር ውስጡ ሊግ አልቋል፣ አውሮፓም እረፍት ላይ ነው። እኔ የማዘወትረው ፒያሳ አካባቢ ያለው የዲኤስቲቪ ቤት ግን እንደ ወትሮው ሞልቶ ያመሻል። ጨዋታ ስለሌለ መግቢያ አይጠየቅም፤ አንድ ስኒ ቡና ያዘዘ እስኪመሽ አግዳሚው ላይ መቀመጥ ይችላል። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በሩ ድረስ ይመጣል። ስክሪኑ ላይ የድሮ ጨዋታ ድምፁ ተዘግቶ ይታያል፤ ጩኸቱን የሚያሟሉት አግዳሚው ላይ ያሉት ናቸው።

ሰሞኑን የተነሳው ያው የከረመ ጥያቄ ነው። ማንቸስተር ዩናይትድን ማን ያሰልጥን? ስም ተደረደረ፣ ስም ወደቀ። በመጨረሻ አንድ የባጃጅ ሹፌር ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ፣ «ያንን ማሊያ ለብሶ የተጫወተ ሰው ይምጣ። የቤት ልጅ! የውጭው ሰውማ ፍልስፍናውን ይዞ ይመጣል፣ ካሳውን ይዞ ይሄዳል» አለ። ጥግ ላይ የተቀመጡ ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ ፈርጉሰን የማን ቤት ልጅ ነበር?» ሲሉት ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሹፌሩ አልተረታም። «ጋሼ፣ እሱማ ቆይቶ የቤቱ አባት ሆነ!»

እኔ በዚህ ክርክር ከጋሼ ጎን ነኝ። ምክንያቴ ግን የእሳቸው አይደለም።

የእሳቸውን ላስቀድም። ፈርጉሰን ዩናይትድን ሊያሰለጥን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1986 ከስኮትላንዱ አበርዲን ሲመጣ ለማንቸስተር ሰው ባዳ ነበር። የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሳው በ1990 ነው፤ ሲሰናበት የሊጉን ብቻ 13 ጊዜ ወስዷል። ለተተኪነት እሱ ራሱ የመረጠው ዴቪድ ሞየስ ደግሞ የስድስት ዓመት ውል ፈርሞ ዓመት ሳይሞላው ተባረረ። እዚህ ላይ ቸልሲም አለ። በማሊያው የነገሠው ላምፓርድ በጥር 2021 ከአሰልጣኝነቱ ሲሰናበት ጀርመናዊው ቱሄል መጣ። ከዚያ በፊት በቸልሲ ደጅ አልፎ የማያውቀው ሰውዬ ያንኑ ቡድን ይዞ በአራት ወር ውስጥ የአውሮፓ ሻምፒዮን አደረገው። ጁቬንቱስ የባሰውን ሠራ። አንድም ቡድን አሰልጥኖ የማያውቀውን የቀድሞ ተጫዋቹን ፒርሎን መጀመሪያ ለወጣት ቡድኑ ሾመው፣ አሥር ቀን ገደማ ቆይቶ ዋናውን ቡድን ሰጠው። ዘጠኝ ዓመት በተከታታይ የወሰደው የሊግ ዋንጫ በዚያው ዓመት ከእጁ ወጣ።

ሹፌሩም ባዶ እጁን አልመጣም። ጋርዲዮላ የባርሴሎና ልጅ ነው፣ ዚዳን የማድሪድ ነው፣ አርቴታም የአርሰናል አምበል ነበር። እውነት ነው። ግን ጋርዲዮላ መጀመሪያ የባርሴሎናን ሁለተኛ ቡድን አንድ ዓመት አሰልጥኖ ደረጃውን አሳድጓል። ዚዳን የአንቼሎቲ ምክትል ሆኖ ሠርቷል፣ ቀጥሎም የማድሪድን ሁለተኛ ቡድን ይዟል። አርቴታ ከጋርዲዮላ ጎን ከሦስት ዓመት በላይ ተቀምጦ ነው የመጣው፤ እንዲያም ሆኖ ሁለት ዓመት ስምንተኛ ወጥቷል። በር የከፈተላቸው ማሊያው ይሆናል፤ ውስጥ ያቆያቸው ግን ማሊያው አይደለም።

ወደ አገራችን ከመጣን ደግሞ ገብረመድህን ኃይሌ አለ። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋርን ገና ከታችኛው ሊግ ባደገበት ዓመት የፕሪሚየር ሊጉ ሻምፒዮን አደረገው፤ ጅማ ላይ እንግዳ ነበር። በማግስቱ ዓመት መቐለ 70 እንደርታን ይዞ ደገመው። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮጵያ መድን ላይ ሠለሰው። ሰውየው የማን ቤት ልጅ ነው? በሦስት ቤት ሠርግ ደግሶ የወጣ ሰው ይህን ጥያቄ መመለስ አይጠበቅበትም።

በሙያ በኩል ያለው ክርክር እንግዲህ ይኸው ነው። የቤት ልጅነት ሙያ አይደለም፣ ነውርም አይደለም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን የሚቀጠርበት ቀን ሳይሆን የሚባረርበት ቀን ነው። አሰልጣኝ መባረሩ አይቀርም። አግዳሚው ላይ ስም ስንደረድር ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ግን ማናችንም አናነሳውም።

የዩናይትድ አጥቂ የነበረውን ሶልሻየርን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1999 ባርሴሎና ከተማ ውስጥ በጭማሪ ሰዓት ባየር ሙኒክ ላይ ባገባት ግብ ዩናይትድ የአውሮፓን ዋንጫ ወስዷል። ያቺ ግብ ብቻ ዕድሜ ልኩን በክብር ታኖረው ነበር። በታኅሣሥ 2018 አሰልጣኙ ሞሪንሆ ሲሰናበት በጊዜያዊ አሰልጣኝነት ጠሩት። የመጀመሪያዎቹን ስምንት ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ፣ ፓሪስ ላይ ወርዶ ፒኤስጂን ከውድድር አስወጣ። ያኔ የእኛም አግዳሚ በአንድ ድምፅ «ወንበሩ ይሰጠው!» አለ። (እኔም ብያለሁ። አልክድም።) ተሰጠው። አንድ ዓመት ሁለተኛ ወጣ፤ በዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ደግሞ በመለያ ምት 11 ለ 10 ተረታ። በኅዳር 2021 ዋትፎርድ 4 ለ 1 ሲያሸንፈው ተሰናበተ። የስንብት ቃለ መጠይቁን ለክለቡ ቴሌቪዥን የሰጠው እንባ እየተናነቀው ነው። ሌላ ክለብ እስኪይዝ ከሦስት ዓመት በላይ ቆየ። ሞሪንሆን ተመልከቱ እንግዲህ፦ ካሳውን ተቀብሎ ሄደ፣ ዓመት ሳይሞላው ቶተንሃም ወሰደው። የማንቸስተር ሰው ምን እንደሚለው መቼም እንቅልፍ የሚነሳው አይመስለኝም። ሶልሻየር ግን የተባረረው ከሥራው ብቻ አይደለም። ስታዲየሙ ውስጥ ስሙ የሚዘመርለት ሰው፣ ስሙ የሚረገምበት ሳምንት መጣበት።

እሱ እንኳ አገሩ ኖርዌይ ነው፤ ሄዶ ማረፍ ይችላል። የእኛ የቤት ልጅ የት ይሄዳል?

በልጅነቴ ሆጤ ሜዳ ላይ የምንጫወትበት የሰፈር ቡድን ነበረን። አሰልጣኛችን ጎረቤታችን ነው፤ ቀን ጋራዥ ይሠራል፣ ማታና እሑድ እኛን ያሠራል። በረኛችን ደግሞ በእሱና በእኛ ቤት መካከል ያለው ቤት ልጅ ነው። በአንድ ክረምት ልጁ እጁን ታመመ። ኳስ ሲይዝ ፊቱን እንደሚያጨማድድ ሁላችንም አይተናል፣ አሰልጣኙም አይቷል። ተቀያሪው ከእሱ ይሻል ነበር። እሑድ ጠዋት ግን አሰልጣኛችን ወደ ሜዳ የሚመጣው ከበረኛው እናት ቤት ቡና ጠጥቶ ነው። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን። ወሎ ላይ በረካ ሳይጠጡ መነሳት እንዴት እንደሚታይ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ተቀምጠህ ተመርቀህ ነው የምትነሳው። እትዬ ምርቃታቸውን «ልጆቼን አደራ» ብለው ይዘጉታል። እንዲህ ተብሎ የወጣ ሰው፣ ሜዳ ደርሶ ያንኑ ልጅ ተቀያሪ ወንበር ላይ ያስቀምጠው?

አላስቀመጠውም። በጭቃው መሃል ሁለት ቀላል ኳሶች ገቡና ተሸነፍን። ያን ቀን ማታ ትልልቆቹ ተሰብስበው «ለምን አልቀየርከውም?» ብለው ሲያፋጥጡት አንድ ነገር ብቻ መለሰ፤ «እናቱን ምን ብዬ?» በሳምንቱ ቡድኑን ተወ። ተወው ብለውት እንጂ ወዶ እንዳልተወ በኋላ ነው የገባኝ።

እንግዳ ሰው ቢሆን ልጁን ያለ አንዳች ጭንቀት ይቀይረው ነበር። ይህ ጭካኔ አይደለም፤ እዳ ስለሌለበት ነው። የቤት ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ባለ እዳ ነው። አብሮት የተማረ ቦርድ ውስጥ አለ፣ ያሳደገው አጎት ደጋፊ ማኅበር ውስጥ አለ፣ የመጀመሪያ ጫማ የገዛለት ነጋዴ ትሪቡን ላይ አለ። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» ብለን የምንስቅበት ነገር እሱ ላይ ሲደርስ አያስቅም። ቡድኑ ሲያሸንፍ ሁሉም የኛ ነው ይለዋል። ሲሸነፍ ደግሞ እንግዳውን «ክለቡን አልተረዳም» ብለን እናልፈዋለን፣ የቤት ልጁን ግን «አዋረደን» እንለዋለን። ማዋረድ ከዘመድ በቀር ለማንም የማይሰጥ ክስ ነው።

የሚቀጥሩት ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁታል፤ የሚቀጥሩትም ለዚሁ ይመስለኛል። በአገራችን አብዛኞቹ የከተማ ክለቦች በጀታቸው ከከተማ አስተዳደሩ ነው፣ ቦርዱም በሹማምንት የተሞላ ነው። የቤት ልጅ ለእንዲህ ያለ ቦርድ የክረምት ጃንጥላ ነው። ደመወዙ ላይ አይከራከርም። ደመወዝ ሲዘገይ ፌዴሬሽን ድረስ ሄዶ አይከስም፤ እንዴት አድርጎ ከተማውን ይከሳል? የጠየቀውን ተጫዋች ሳያመጡለት ሲቀሩ በሬዲዮ ወጥቶ አይናገርም። ደጋፊውም ለወራት ዝም ይላል፣ ልጁ ነዋ! ቦርዱ ያንን ዝምታ ተጠልሎ አንድ ዓመት ያልፋል። ዝናቡ ሲበረታ የሚበጠሰው ጃንጥላው ነው፣ ሰዎቹ ወደ ሌላ በረንዳ ይሻገራሉ።

ወልድያን ሁልጊዜ አስባለሁ። በጥር 2009 ዓ.ም. ከ25 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ተመረቀለት። ክለቡም ፕሪሚየር ሊግ ላይ ነበር፤ ከደሴም ከኮምቦልቻም እየተሳፈሩ የሄዱ ሰዎች አውቃለሁ። በ2010 መጨረሻ ክለቡ ወረደ። አንድ ከተማ እንዲህ ያለ ስታዲየም ይዞ ያለ ፕሪሚየር ሊግ ሲቀር፣ ጥያቄው «ማን ነበር አሰልጣኙ?» ብቻ ከሆነ ጥያቄው አንሷል። የቡድኑን ገንዘብ ማን ይይዝ ነበር፣ ተጫዋች ማን ያስፈርም ነበር፣ ታዳጊው ከየት ይመጣ ነበር? እኛ ግን አግዳሚው ላይ ስም እንወዳለን። ስም ይጣፍጣል።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ሐቀኛ አልሆንም። ማንቸስተር ላይ «የቤት ልጅ» ማለት ማሊያውን የለበሰ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ቃሉ ከዚያ ሌላ ነገርም ይሸከማል፤ የት ተወለደ፣ የማን ወገን ነው የሚለውን። ይህ በተለይ ወሎ ላይ ሲነገር ይከነክነኛል። መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ተጋርቶ፣ ከየአገሩ የመጣው ነጋዴና ደብተራ፣ ወታደርና አስተማሪ ቤት ሠርቶ የኖረበት አገር ነው። እንግዳ ተቀባይነታችንን ስንተርክ አፍ የሚዘጋን የለም። አሰልጣኝ ሲሆን ጊዜ ግን መታወቂያ እንጠይቃለን።

ታዲያ የቤት ልጅ ይከልከል እያልኩ ነው? አይደለም። እንዲሠራ ከተፈለገ ታዳጊው ይሰጠው፤ ሦስት ዓመት፣ አራት ዓመት፣ ውጤት በየሳምንቱ በማይቆጠርበት ቦታ ይቀመጥ። ልጆቹን በእናት በአባታቸው የሚያውቅ ሰው የሚያስፈልገው እዚያ ነው፤ የትኛው ልጅ ቁርስ ሳይበላ እንደመጣ የሚያውቀው እሱ ነው። ኮርሱን ይውሰድ፣ ላይሰንሱን ያሳድግ፣ ሌላ ከተማ ሄዶም ይባረር። አዎ፣ ይባረር! መባረርን በባዕድ አገር የለመደ ሰው ቤቱ ሲመለስ አንገቱ ይጠነክራል። ያኔ ዋናውን ቡድን ከተሰጠው እኔም አጨበጭባለሁ፣ ውሉ ላይ ግን ተጫዋች የሚመርጠው ማን እንደሆነ፣ ደመወዝ ስንት ወር ቢዘገይ ምን እንደሚደረግ ለእንግዳ እንደሚጻፈው ተጽፎ።

ይህን ሁሉ አግዳሚው ላይ ስናገር ሹፌሩ በትዕግሥት ሰማኝና፣ «እሺ ወንድሜ፣ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ብሎ ቁልፉን አነሳ። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ሥራ አለው። ጋሼ ሦስተኛውን ሲኒ እየጠበቁ ነበር። ሲኒውን ሳይ ያ የጋራዡ ሰው ትዝ አለኝ።

ቡድኑን ከተወ በኋላ በእትዬ ደጅ ማለፍ አቆመ። ከጋራዥ ሲመለስ ከታች በኩል በወንዙ ዞሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ ነው ቤቱ የሚገባው። ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲገባ አየው ነበር። እትዬ የኳሱን ነገር የነገራቸው ሰው አልነበረም። አንድ እሑድ ጠዋት ረከቦቱን ዘርግተው፣ እኔ በበሩ ሳልፍ ጠሩኝ።

«ና እስቲ አንተ፣ ያ ልጅ ቤቴን ጠላው እንዴ? ምን አድርጌው ነው?»

እኔ የ13 ዓመት ልጅ ነበርኩ። «ሥራ በዝቶበት ነው» አልኳቸው።

«ሥራ ቢበዛበት ነው» አሉና አንድ ሲኒ ከረከቦቱ ላይ አንስተው ወደ ጓዳ ይዘውት ገቡ።